ባለ ሁለት መቀመጫው አማና

ቅዳሜ ረፋድ ሐረጎ ስንደርስ መኪናዋ ከአስፋልቱ ሠላሳ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ ጎማዎቿን ወደ ሰማይ አድርጋ ተገልብጣ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ከዚያ ገደል ያላወጣሁት ነገር የለም። አይሱዙ አውጥቻለሁ፣ ሚኒባስ አውጥቻለሁ፣ አንዴ ከነበሬዎቹ የከብት መኪና አውጥቻለሁ። ጣሪያ የሌላት፣ እንደ እርጎ የነጣች፣ ባለ ሁለት መቀመጫ የድሮ አልፋ ሮሜዮ ግን ስትገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ገደሉ እንኳ ቀለሟን አልጨረሰውም።

ሹፌሩ ሸረፈዲን ሀምዱ ከመኪናዋ አሥር እርምጃ ርቆ ወድቋል። አንዱ መንገደኛ ጋቢውን አውልቆ አልብሶታል። ኮምቦልቻ ውስጥ የሸረፈዲንን ጋራዥ የማያውቅ ሹፌር የለም፤ እኔም አሮጌ ፒክአፔን እሱ ጋ ነበር የማሠራት። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር።

የዓይን ምስክራችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የነበረ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሲጋራ ለመለኮስ ይታገላል።

«ከኋላዬ ጡሩንባ እየነፋ መጣ» አለኝ። «ሲያልፈኝ እጁን ያወናጭፍ ነበር። ሰላም የሚለኝ መስሎኝ እኔም እጄን አነሳሁለት።»

«ቁልቁል ነው የሚወርደው?»

«ቁልቁል። ወደ ኮምቦልቻ።»

አስፋልቱ ላይ የተጎተተ ጎማ ምልክት የለም። ሳጅን ከይሪያ ጫማዋን አውልቃ ገደሉን ወርዳ ነበርና ከታች ተጣራች።

«ኢንስፔክተር፣ የፍሬን ዘይት ምን ምን ይሸታል?»

«ዘይት ዘይት ነዋ።»

«ይሄ ልብስ ማጠቢያ ልብስ ማጠቢያ ነው የሚሸተው።»

ወርጄ ጣቴን ነከርኩና አሸተትኩ። ሳሙና ነው። በጠርሙስ ቀዳን። የሳሙና ውሃ በእግሩ ሄዶ ፍሬን ውስጥ አይገባም፤ ሰው ነው የሚያስገባው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ አደጋ መሆኑ ቀርቶ ግድያ ሆነብኝ። ለከይሪያ «ስለ ፍሬኑም፣ መኪናዋ ቁልቁል ስለመውረዷም ለቤተሰቡ ትንፍሽ እንዳትይ» አልኳት። ገዳይ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ይዞ ማቆየት የምርመራ ሀሁ ነው። የተማርኩትን ነው ያደረግሁት፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

* * *

ጋራዡ ውስጥ ሙንዚር የሚባለው የሸረፈዲን ቀኝ እጅ የቆመ መኪና ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አልቅሶ አልቅሶ ድምፁ ተዘግቷል።

«ስለ መኪናዋ ንገረኝ» አልኩት።

«ደጋን፣ ሼህ ሀምዱ ግቢ፣ የድንጋይ ጎተራ ውስጥ ነበረች። የሸረፉ አባት ናቸው። አርባ ሰባት ዓመት እዚያ ቆመች።»

መኪናዋ ሚስባህ የሚባል የፋብሪካ መሐንዲስ ንብረት ነበረች። በ1970 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ዘመን ሰውዬው ሼህ ሀምዱ ቤት አቆማትና ቁልፉንና ሊብሬውን ሰጥቶ «ለሁለት ሳምንት አማና» ብሏቸው ሄደ። ተወስዶ በዚያው ቀረ። ሼህ አንድ ቀን አልነዷትም። ድርቅ መጥቶ ሲሄድ አልሸጧትም፣ አንድ ብሎን አላወጡላትም። አማና ነዋ፤ የሰው አደራ አይነካም።

«ጎተራው ላይዋ ላይ ስለተሠራ ግድግዳ ነው ያፈረስነው» አለ ሙንዚር። «ስትወጣ ብታያት ታለቅሳለህ። ወለሏ ወንፊት ሆኗል። አይጥ መቀመጫዋ ውስጥ ሰባት ትውልድ ወልዷል። ሼህ ደግሞ ‹እንደተቀበልኳት ካልሆነ አላስረክብም› አሉ። ሁለት ዓመት ሠራናት። ሸረፉ ስቱኮ አላስነካትም፤ ላሜራውን በእጁ ቀጥቅጦ ነው የሞላው። መቀመጫዋን ደሴ ያለ ኮርቻ ሰፊ ሰፋልን። የመሐንዲሱን ልጅም ሸረፉ ራሱ አፈላልጎ አገኛት፤ ሙና ትባላለች፣ ደሴ አስተማሪ ናት። ዛሬ ነበር የሚያስረክባት።»

«ፍሬኑን ማን ሠራው?»

ቀና አለ። «ጎሚኒዎቹን፣ ዘይቱን የሚይዙትን ላስቲኮች፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ዘይት ግን አልገባበትም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ባዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ተቀብዬ ስመለስ መኪናዋ የለችም። ሰባት ጊዜ ደወልኩለት።»

ዘይቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ከሟች ኪስ ያወጣነው ስልክም ሰባት ያልተነሳ ጥሪ ይዟል። ጣሪያ የሌላት መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ማን ስልክ ይሰማል?

እስከዚህ ድረስ አምኜው ነበር። ችግሩ የመጣው አርብ ላይ ነው፤ ጋራዡ ያለ ሰው የቀረው በዚያ ቀን የጁምዓ ሰዓት ብቻ ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ሙንዚርና ሸረፈዲን በር ላይ ሲጣሉ ሰው ሰምቷል። አርብ ቀን የት እንደነበር ስጠይቀው «ጁምዓ ነበርኩ፣ እስከ መጨረሻው» አለ። ከይሪያ መስጊዱ ሄዳ ጠየቀች። ሁለት ሰዎች የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ሳያልቅ ተነስቶ ሲወጣ አይተውታል።

ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ሊድያ ነገር አያመልጣትም ይባላል። «አርብ፣ ሁሉም ጁምዓ በሄዱበት ሰዓት፣ እንግዳ ሰው ገብቷል?» አልኳት።

«እንግዳ? ኧረ አንድም እንግዳ አልገባም። ከዚች ወንበር ንቅንቅ አላልኩም።»

እንደወረደ ጻፍኩት። እንግዳ ካልገባ የቀረው የውስጥ ሰው ነው፤ የውስጥ ሰው ደግሞ ዋሽቶኛል። ሙንዚርን በቁጥጥር ሥር አዋልኩት። ሚስቱ የደረሰች ነፍሰ ጡር ናት። እስከ ጣቢያው በር በእግሯ ተከተለችን።

* * *

ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ደጋን ተፈጸመ። ሼህ ሀምዱ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው፣ ረጅም፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ ሰው ናቸው። በአገሩ ደም የተቃባ ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚመጣው። የገዳይን ወገን ከሟች አባት እግር ሥር አስቀምጠው «አፉ በለኝ» አስብለው፣ ስንት ቤት ከመፈጃጀት አድነዋል። ያን ቀን ግን ራሳቸው የሟች አባት ሆነው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» አልኳቸው።

«አሚን፣ ልጄ። አሰብ መንገድ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አንድ ሰው አልገጨሁም፣ አንድ መኪና አልገለበጥኩም። ልጄ አማናዬን ሳያደርስ ሐረጎ ላይ ቀረ።» እጄን ያዙኝ። «ሰው ነካክቷታል አሉ። እውነት ነው?»

«ይመስላል።»

«ከሙንዚር ሌላ እጁ የሚደርስባት የለም። እሱን ጠይቁት። ያደረገውን አግኝልኝ፤ ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ታናሽ ልጃቸው ካሊድ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«የታሰረው እሱ ከሆነ አስራችሁ አቆዩት» አለኝ። «ከለቀቃችሁት እኔ አለሁ።»

«አባትህ ስንት ደም ያደረቁ ሰው ናቸው።»

«የሌላ ሰው ደም ነዋ።»

ይህን ያለው ሳይጮህ ነው። የሚጮኸውን ሰው አልፈራም፤ እንዲህ ያለውን ነው የምፈራው።

* * *

እሁድ ደሴ ወጣሁ። ሙና ሚስባህ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ አባቷ ሲወሰድ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ከአባቷ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም።

«ሸረፈዲን ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ደርሶ ነበር?»

«ደርሶ ነበር።»

«መኪናዋን አስረከበሽ?»

ጣቶቿን አፍተለተለች። «አስረከበኝ። ከዚያ... የሆነ ወረቀት ቀርቷል ብሎ ተመለሰ።»

«ከነመኪናዋ?»

«ከነመኪናዋ።»

«ለወረቀት ሚኒባስ አይበቃውም?»

«እኔ ምን አውቄ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ እየዋሸችኝ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ለምን እንደምትዋሽ ግን ሊገለጥልኝ አልቻለም። መኪናዋ የራሷ፤ ከሟች ጋር ጠብ የላት፤ በዚያ ላይ ዓይኗ ያበጠው በልቅሶ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሙንዚርን ውሸት ፈታሁት። አንድ የአዲስ አበባ ደላላ መኪናዋን ለመግዛት ሁለት ወር ሲመላለስ ከርሟል። ሐሙስ የተጣሉት በእሷ ነው፤ ሙንዚር «ሙናን እናግባባት፣ ትሽጥ» ሲል ሸረፈዲን ከጋራዡ ሊያባርረው ደርሶ ነበር። አርብ ሙንዚር ከኹጥባው ተነስቶ የሄደው ሆቴል ያረፈውን ደላላ «በቃ፣ ተወን» ሊለው ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ አይታቸዋለች።

«ይሄን ለምን ደበቅኸኝ?» አልኩት ጣቢያ።

«ሬሳው ሳይቀበር ‹መኪናህን ልሸጥብህ ነበር› ልበል? አፈርኩ፣ ወላሂ አፈርኩ።»

«ከሆቴሉስ ወጥተህ?»

«ቤቴ ሄጄ ተኛሁ። ሚስቴ ምስክሬ ናት።»

የሚስት ምስክርነት ማንን ያድናል? አለቃዬም «ፍሬኑ በሱ እጅ ነው፣ ጠብ ነበራቸው፣ ዋሽቷል። ሰኞ ፍርድ ቤት አቅርበህ ቀጠሮ ጠይቅበት» አለኝ። እኔ ልቤ ሙንዚርን ነጻ አውጥቶታል፤ ግን የፖሊስ ልብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ብለቀው ካሊድ አለ። ባልለቀው ያልሠራውን ይሸከማል። ሁለቱም በር ተዘጋብኝ።

* * *

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን የሚያነሳው ክሬን መጣ። ሹፌሩ ጡረታ የወጣ፣ ሲለምኑት ብቻ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። ስትነሳ ከታችዋ የተንጠባጠበውን በመዳፉ ተቀብሎ አሸተተና ሳቀ።

«ይሄን ካየሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል» አለ።

«ምን?»

«የሳሙና ውሃ ነዋ። ድሮ አሰብ መንገድ ላይ ፍሬን ዘይት ሲያልቅብን ሳሙና ፍቀን በጥብጠን እንሞላ ነበር። ሜዳውንና ዳገቱን ጥሩ አድርጎ ይይዝልሃል። ቁልቁለት ላይ ግን ወዮልህ፤ ሲግል ይፈላና እግርህ ባዶ ይረግጣል። የዛሬ ልጅ ይሄን ከየት ያውቀዋል?»

ሙንዚር ሠላሳ ዓመቱ ነው። ደላላው እጁን ዘይት ነክቶት አያውቅም። አሰብ መንገድ የሚለውን ቃል የሰማሁበትን የሐዘን ምንጣፍ አስታወስኩ፤ ወደ ከይሪያ ዞርኩ።

«ሊድያን ሌላ ነገር ጠይቂያት» አልኳት። «እንግዳ አትበያት። አርብ በጁምዓ ሰዓት ማን ነበር በያት።»

ከይሪያ ደወለች። ስልኩ ክፍት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ሼህ ነበሩ እንጂ» አለች ሊድያ። «የሸረፉ አባት። ሚኒባስ አቆያቸውና ጁምዓው አመለጣቸው። ሳሙና ከኔ ነው የወሰዱት፣ ለሶላት ሊታጠቡ፣ ለውዱእ መስሎኝ። እሳቸው እኮ እንግዳ አይደሉም።»

ደሴ ወጣሁና ሙናን እንደገና ጠየቅሁ። በዚህ ጊዜ አልዋሸችኝም። የነገረችኝን ሰምቼ ወደ ደጋን እንደምሄድ ነገርኳት። «ደጋን አብሬህ ልሂድ» አለች፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ብቻዬን መሄድ ስለፈራሁ እሺ አልኩ።

* * *

የሐዘኑ ሦስተኛ ቀን ነው። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሼህ ሀምዱ በሽማግሌዎች መሐል ተቀምጠዋል፤ ካሊድ በሩ አጠገብ ቆሟል። ለብቻቸው ላነጋግራቸው ብዬ ነበር፤ «ከነዚህ ሰዎች የምደብቀው የለኝም» አሉ።

«ሼህ፣ አርብ ጋራዥ ሄደው ነበር?»

«ሄጄ ነበር። ባዶ ነበር። ዙህርን ሰገድኩና አማናዬን ዞሬ አየኋት። ፍሬኗ ደረቅ ነው። ዘይት አልመጣም እያሉ ሦስት ቅዳሜ አራዘሙብኝ። ደረቴን ይወጋኛል፣ ልጄ። አማና አንገቴ ላይ እያለ ብሞት ለአላህ ምን እመልሳለሁ? ሳሙና ፍቄ በጠበጥኩ፣ ሞላሁ፣ ጎማ በጎማ እየዞርኩ አየሩን አስወጣሁ። ያዘ።»

ካሊድ ቀና አለ።

«ለሸረፈዲን ነገሩት?»

«ቢያውቅ አይነሳማ። ዘይት የሞላው ሙንዚር ይመስለዋል ብዬ ተውኩት። ደሴ ደግሞ ሽቅብ ነው። እዚያ ትቆማለች፣ ዘይቱ ሲመጣ ይቀየርላታል። በሳሙና ውሃ ቁልቁል ነው የማይወረደው፤ እሱን ማንም ሹፌር ያውቀዋል።» አዩኝ። «ይሄን ለምን ጠየቅኸኝ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰውን በጥያቄ ሳፋጥጥ ኖሬያለሁ፤ በጥያቄ ስፋጠጥ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ልጄ ሲወጣ አይደለም እንዴ የሞተው?»

«ሲወርድ ነው፣ ሼህ።»

«ከየት?»

«ከደሴ። አድርሶ ነበር።»

«ካደረሰ መኪናዋ እሱ ዘንድ ምን ትሠራለች?»

ሙና ከኋላዬ ወጥታ ፊታቸው ተንበረከከች። «እኔ ነኝ፣ አባ። መልሼ ለእርስዎ ሰጠኋት። አርባ ሰባት ዓመት የጠበቋት ናቸው ባለቤቷ አልኩት። ‹ነገ አድርስላቸው› ስለው ‹የለም፣ ዛሬውኑ ነው የምወስድላቸው› አለኝ። እየሳቀ ነው የወረደው። እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ለፖሊስ ዋሸሁ።»

ሼህ ቀስ ብለው ጠየቋት።

«አማናውን ግን በእጅሽ ተቀብለሻል?»

«ተቀብያለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ፣ ልጄ። ያልኩህን ሁሉ ጻፍ። ያን ልጅ ደግሞ አስወጣው፤ ባላየሁት ነገር ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ጻፍኩ። በቸልተኝነት ሰው ለሚገድል ሕጉ አንቀጽ አለው፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። እጄ ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አሳሳተብኝ። ከይሪያ ጣቢያ ደውላ ሙንዚር እንዲለቀቅ አደረገች። ካሊድ በሩን ለቆ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ፤ ሊበቀለው የነበረው ሰው ከእጁ ጠፍቶበታል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሼህ» አሉ።

«ቀደር ነው» አሉ ሼህ ሀምዱ። «ወጉም ግን አለ። ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይዞ የሟችን አባት አፉ በለኝ ይላል። ስንቱን አስታርቀናል። እስቲ ንገሩኝ፤ ዛሬ ተነስታችሁ ከማን ቤት ወደ ማን ቤት ትሄዳላችሁ?»

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ መዝገቡን ይዤ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ተነሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በግቢው በር ወጡ፤ ውጭ ትንሽ ቆሙና ጫማቸውን አውልቀው በዚያው በር ተመልሰው ገቡ። ሼህ ሀምዱ ፊት ተደርድረው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«የሸረፈዲን አባት» አሉ ትልቁ። «የአንድ ሽማግሌ መልእክተኞች ነን። ሰማንያ ዓመቱ ነው። ባለማወቅ ልጅህን ገድሏል። አፉ በለው።»

ሼህ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው እንደ ወጉ እንደገና ጠየቁ፣ ትንሽ ቆይተው ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ። ሙና መሬቱን እየያዘች ታለቅስ ነበር። ካሊድም እየዳኸ መጥቶ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀመጠና «አባቴ፣ አፉ በለው» አለ። ሼህ ሀምዱ አንድ በአንድ አዩን። አፉ ብያለሁ አላሉም።